የቀቀልኳቸው አፅሞች

ሣጥኑን ወደ ቤት ያስገባሁት እኔ ነኝ። ይህን አስቀድሜ ልጻፈው፣ ኋላ እንዳልሸሽበት።

ፈረንጅ መምጣት ሳያቆም ጎንደር ላይ አንድ ሆቴል ውስጥ ክፍል አጸዳ ነበር። አንድ ጎልማሳ እንግዳ ሊሄድ ሲል ሻንጣው አልዘጋ አለውና የካርቶን ሣጥን አውጥቶ ሰጠኝ። ልጅ አለሽ ወይ አለኝ በምልክት፣ እጁን ከወገቡ ዝቅ አድርጎ። አለኝ አልኩ ራሴን ነቅንቄ። ልጄ ከእሱ በላይ ቁመት እንዳለው ማስረዳት አፈርኩ። ሣጥኑን በነጠላዬ ሸፍኜ በሚኒባስ አዘዞ አደረስኩት። ክዳኑ ላይ ያለውን ሥዕል አላየሁትም ብዬ ለብዙ ሰው ተናግሬያለሁ። አይቼዋለሁ። ሰይፍ የያዘ አፅም ነበር። መጫወቻ ነው፣ ምን አለበት ብዬ ነው።

ልጄ ያን ጊዜ የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ፈተና ወድቆ ቤት ተቀምጧል። ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አባቱ ልጁ ገና ስድስት ዓመት ሳይሞላው ሞቷል፣ ሌላ ልጅ የለኝም። እኔ ከዛሪማ በላይ ካለው ደጋ የመጣሁ፣ ሦስተኛ ክፍል ላይ ያቆምኩ ሴት ነኝ። የማውቀው ማጠብና መፍራት ነው። በከተማው ዙሪያ ተኩስ ሲጀምር ደግሞ ማጠቡም ቀረ፤ ሆቴሉ እንግዳ አጥቶ አሰናበተን። መፍራቱ ብቻ ሥራ ሆነኝ። ጎረምሳ መንገድ ላይ ከታየ አንዱ ወገን ለጦር ይወስደዋል፣ ሌላው ይጠረጥረዋል፣ ለእናት ሁለቱም አንድ ነው። የግቢውን በር በሰንሰለት ቆለፍኩና ቁልፉን ከማተቤ ጋር አንገቴ ላይ አሰርኩት።

«እማ፣ ጠጉሬን ልቆረጥ።»

«እኔ እቆርጥልሃለሁ።»

«ዳቦ ልግዛ።»

«ያደረ አለ፣ እሱን ብላ።»

«እንግዲያማ ጓሮውን ቆፍሪና እዚሁ ቅበሪኛ!»

በጥፊ መታሁት። ቅበሪኝ የሚለው ቃል ከአፉ ሲወጣ እጄ ከእኔ ቀድሞ ሄደ። የሚተኩሱትን መምታት ስለማልችል እሱን መታሁት፤ ከዚያ ወዲያም ስንት ጊዜ እንደመታሁት አልቆጠርኩም።

እንዲህ ሆነን ሳለ ነው ሣጥኑ ትዝ ያለኝ። ከአልጋ ሥር አውጥቼ ፊቱ ጣልኩለት፣ ለውሻ አጥንት እንደሚጣለው። ውስጡ ግራጫ ፕላስቲክ ነው፣ ወንፊት የሚመስሉ ሦስት ፍሬሞች። በየፍሬሙ ላይ ጎድን አጥንት፣ ራስ ቅል፣ እጅ፣ እግር፣ ሰይፍና ጋሻ ተሰካክተዋል። ሁሉም ከጣት ጥፍር ያነሰ። ልጄ አንድ ቀን ሙሉ ዝም ብሎ አያቸው። በማግስቱ ምላጭ ጠየቀኝ። ምላጭ የምትለዋም አስደነገጠችኝ፤ ሰጠሁትና በር ላይ ቆሜ ጠበቅኩት። ፕላስቲኩን ሲቆርጥበት አየሁና ተነፈስኩ።

ከዚያ በኋላ ለብዙ ወራት ልጄ በር አላለም። ሸጋ ጊዜ ነበር፣ ልዋሽ አልችልም። ጠዋት ተነሥቶ መስኮቱ ሥር ጠረጴዛው ላይ ይቀመጣል። በምላጭ ይቆርጣል፣ በጥፍር ሞረድ ያለሰልሳል፣ ሱፐር ግሉ በመርፌ ጫፍ እየነካ ወገብን ከእግር፣ ራስን ከአንገት ይገጥማል። የጎድኑ አጥንት በእጅ ሲያዝ እንኳ አይታይም። አንዱን ለመጨረስ ከቁርስ እስከ ምሳ ይፈጅበታል። ከየፍሬሙ አሥር፣ በጠቅላላው ሠላሳ አቆመ። ኔት ሳይዘጋ በፊት አጨዋወቱን ከስልኩ ላይ አይቶ ደብተር ላይ ገልብጧል። በካርቶን ላይ ተራራና ወንዝ ሣለ፣ ለጠላት የለስላሳ ቆርኪ አሰለፈ። የሉዶ ጠጠር እየወረወረ፣ ርቀቱን በክር እየለካ፣ ብቻውን በሁለቱም ወገን ሆኖ ያዋጋል።

«እነዚህ ለምን አፅም ሆኑ?» አልኩት አንድ ቀን። «ሰው የሆኑ ወታደሮች አጥተው ነው?»

«እነዚህን ማንም አይወስዳቸውም እማ። አንዴ ሞተው ተገላግለዋል። አንቺም አትቆልፊባቸውም።»

ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም።

ቀለም መቀባት ሲጀምር ነው ነገሩ ወደ እኔ የዞረው። ነጩን ከግድግዳ ቀለም ትራፊ አገኘ። ቡናማው የጫማ ቀለም ነው፣ በቤንዚን አቅጥኖ ጎድኑ መሐል ያፈሰዋል፤ ያ ሲደርቅ ጥላ ይሆናል። ብሩሽ ግን የለውም። ከራስሽ ላይ ጠጉር ስጪኝ አለኝ። የሴት ጠጉር ለየትኛው ጠንቋይ እንደሚሰጥ፣ ምን እንደሚሠራበት ያደግሁበት አገር ያውቃል፤ ማበጠሪያዬ ላይ የቀረውን እንኳ አቃጥላለሁ እንጂ አልጥልም። ለአፅም መቀቢያ ጠጉሬን ልስጥ? ከቤት እንዳይወጣ ብዬ ሰጠሁት። በእስክሪብቶ ቀፎ ውስጥ አሥሮ ብሩሽ አደረገው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ ዞር ሳይል፣ «አጥንት ግን ነጭ ነው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ።»

«አንቺማ አይተሻል።»

አይቻለሁ። ባሌ በተቀበረ በሰባተኛው ዓመት ደብሩ አዲስ ሕንፃ ሊያሠራ ስለነበር፣ በዚያ በኩል አፅም ያላችሁ አንሡ ተባለ። ልጄ አሥራ ሦስት ሊሆነው ነበር። አለቀሰ፣ ልምጣ አለ፣ ጓዳ ቆልፌበት ሄድኩ። አፈሩ ተንዶ ሦስት መቃብር አንድ ላይ ሆኗል። ቆፋሪው ሽማግሌ ከጉድጓዱ ሆነው እየመረጡ ያወጣሉ። እኔ ደግሞ ባሌን የምለይበት አንድ ነገር ብቻ ነበረኝ። በወጣትነቱ ከበቅሎ ወድቆ ግራ ቅልጥሙ ተሰብሮ ነበርና፣ ወጌሻው ሲያሽለት አጥንቱ አብጦ ነው የገጠመው። እጄን አፈሩ ውስጥ ከትቼ ያን እብጠት ፈለግሁ። ይሄ ነው ያልኩትን በአዲስ አቡጀዲ ጠቅልዬ ወደ አዲሱ ቦታ አስቀበርኩ። ለልጄ ምንም አልነገርኩትም። ሲጠይቀኝ ስቆጣ፣ ሲጠይቀኝ ስቆጣ፣ መጠየቅ ተወ።

አሁን ግን ጠጉሬን በእጁ ይዞ ተቀምጧል።

«ነጭ አይደለም» አልኩት። «እንደ ከረመ የቅቤ ቅል ነው። ቢጫም ቡናማም። ጫፍ ጫፉ ይጠቁራል። ያባትህ ደግሞ ቅልጥሙ ላይ እብጠት ነበረው፣ በዚያ ነው የለየሁት። በቃህ? ደስ አለህ? ያባትህን ሬሳ እንዲህ አውርተህ ጠገብክ?»

«ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ» አለ ልጄ። በእንግዳ አማርኛ ነው ያለው፣ ሰው ለቢሮ ሰው እንደሚለው።

ሠላሳውንም በዚያ ቀለም ቀባ። እንዴት እንዳወቀበት አላውቅም፣ ያየሁትን ነው መልሶ ያሳየኝ። ሲደርቁ መስኮቱ ደፍ ላይ አሰለፋቸው። ደፉን ሳብስ አንዷን አነሣሁ። ግራ ቅልጥሟ ላይ የሰናፍጭ ፍሬ የምታህል እብጠት አለች። በጀሶና በሱፐር ግሉ ሠርቶ ለጥፏታል። ከእጄ ወደቀች። ባሌ በፕላስቲክ ሆኖ ሰይፍ ይዞ ቤቴ ገብቷል።

ጎረቤቴ በአጥር ማዶ ናት፣ ግቢዋ ከእኛ ከፍ ስለሚል መስኮታችን ይታያታል። የሚፈራ ሰው ስታገኝ የምትጠግብ ሴት ነች።

«ምነው አንቺ፣ ያንቺ ቤት መቃብር ቤት ሆነ እንዴ?»

«መጫወቻ ነው።»

«መጫወቻ! ጎረምሳ ልጅ በአፅም ይጫወታል? እኩዮቹ የት ናቸው፣ የአንቺው የሙት መንፈስ ይስባል። እኔስ ከብቴ ወተት ቀንሳብኛለች።»

«የአንቺ ላም ካረጀች ቆየች እኮ።»

«አይ አንቺ! አፍሽ እንኳ አልሞተም።»

በዚያው ወር የሴቶች ማኅበራችን ተራ የእኔ ነበር። መጡ፣ ቁጭ አሉ፣ ጸሎቱ ደረሰ። ከዚያ ዳቦው ሲቆረስ አንዷም እጇን አልሰደደችም። ጎረቤቴ ቁራሹን አንሥታ መስኮቱ ላይ ወደተሰለፉት አፅሞች ዘረጋችው። «ባለቤቶቹ ይቅመሱ መጀመሪያ» አለች። ሳቁ። ልጄ ጓዳ ሆኖ ይሰማል። እኔ ምን አደረግሁ? አብሬ ሳቅኩ። ሴቶቹ ከወጡ በኋላ ዳቦውን ለብቻዬ በላሁት።

የነፍስ አባቴን አስጠራሁ። መስቀላቸውን ይዘው ገቡ፣ ባለ እብጠቷን ሰጠኋቸው። መዳፋቸው ላይ አድርገው መነጽራቸውን ዝቅ አደረጉና ሳቁ።

«ይሄማ ፕላስቲክ ነው።»

«አባ፣ አያስፈራዎትም?»

«የሚያስፈራው ከበር ውጭ ያለው ነው እንጂ ጠረጴዛ ላይ ያለው ምኑ ያስፈራል? ልጁ ቤት ተቀምጧል?»

«ተቀምጧል።»

«እንግዲያ ተይው። ቤት የሚያስቀምጠው ነገር ያገኘ ልጅ በዚህ ጊዜ ማን አለው?»

ለልጄም «እጅህ ሸጋ ነው» ብለው ባርከውት ወጡ። ነገሩ እዚያ ላይ ማለቅ ነበረበት። እኔ ግን ተናደድኩ። ከእኔ ጋር እንዲፈሩልኝ ነበር የጠራኋቸው።

ሆቴል ሳለሁ ትኋን የምናጠፋው በፈላ ውሃ ነበር። ፍራሹን፣ የአልጋውን ስንጥቅ፣ ሁሉንም በፈላ ውሃ። በሱ የማይሞት ነገር የለም። ጸበል በቢጫ ጀሪካን ቤት አለኝ። ጸበል እንደማይፈላ አውቃለሁ፣ ያገሬ ሕፃን ያውቃል፤ ማንንም አልጠየቅኩም። ከሰዓት በኋላ ነበር። የጣሪያው ቆርቆሮ በዝናብ እንዳያፈስ ምስማር ምታበት ብዬ ልጄን መሰላል ላይ አወጣሁት። መዶሻው ሲመታ እሰማለሁ። እስከተመታ ድረስ ላይ ነው ማለት ነው። ትልቁን ብረት ድስት ጣድኩ፣ ጸበሉን ገለበጥኩበት፣ ሲንተከተክ ሠላሳውን በሰፌድ ሰብስቤ ጨመርኳቸው።

መጀመሪያ ቡናማው ቀለም ተነሥቶ ላይ ሰፈፈ፣ እንደ መረቅ ስብ። ክንዶች ተላቀው ተንሳፈፉ። ከዚያ ተንቀሳቀሱ። በልጄ ነው የምምለው፣ ተንቀሳቀሱ። የቆመው አጎነበሰ፣ ሰይፉ እንደ ቅጠል ጠወለገ፣ አንዱ ጉልበቱን አጥፎ እንደሚነሣ ሰው ሆነ። ጮህኩ። እንደዚያ ጮሄ አላውቅም፣ ባሌ ሲሞትም።

መዶሻው ቆመ።

ልጄ ከመሰላሉ ዘሎ ገባ። ጎረቤቴም በአጥሩ ላይ አንገቷን አስግጋ «ምንድን ነው? ተነሡ እንዴ?» ትላለች። ልጄ ድስቱን አየ፣ እኔን አየ። ጭልፋ አነሣና አንድ በአንድ ማውጣት ጀመረ፤ እንደ ቅቅል ሥጋ ሰፌዱ ላይ ያኖራቸዋል። የሁሉንም ግራ እግር በጣቱ እየዳበሰ አየ። እብጠቷ የለችም። ጀሶው ሟሙቶ ሄዷል።

ይመታኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢመታኝ ይሻል ነበር።

«መጀመሪያ አባዬን ደበቅሽብኝ» አለ። «አሁን ደግሞ ቀቀልሽው።»

«ልጄ፣ ፈርቼ ነው።»

«ሁልጊዜ ፈርተሽ ነው። ስትመቺኝ ፈርተሽ፣ ስትቆልፊብኝ ፈርተሽ። እኔ ደግሞ የምፈራው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እዚሁ ቤት ውስጥ።»

ወደ እኔ መጣ። እጁን ወደ አንገቴ ሲሰድ ዓይኔን ጨፈንኩ። የቁልፉን ክር ከማተቤ ለየና ቀስ ብሎ፣ ጠጉሬ እንዳይያዝ እየተጠነቀቀ፣ በራሴ በኩል አወጣው። ያ ጥንቃቄው ነው እስከ ዛሬ የሚያመኝ። በሩን ከፍቶ ወጣ። እግሩ ላይ የነበረው የቤት ነጠላ ጫማ ነው።

ዘጠኝ ቀን አልመጣም። ጠዳ ታይቷል አሉኝና ጠዳ ሄድኩ፤ ገበያውን ዞርኩ፣ ሹፌሮችን ጠየቅኩ። «እናት፣ የእናት ሁሉ ልጅ ረጅም ነው፣ ሁሉም ነጠላ ጫማ ያደርጋል» አለኝ አንዱ ረዳት፣ ሌሎቹ ሳቁ። ተኩስ በሰማሁ ቁጥር ወደ በሩ እሮጣለሁ። ጎረቤቴ በአጥሩ ላይ ሆና «የቀቀልሻቸው ወሰዱት» ትለኛለች።

ቤት ስገባ እነሱ ሰፌዱ ላይ ናቸው። ጎብጠው፣ ተጣመው። ሲመጣ እንዲህ እንዳያያቸው አልኩ። ሙቅ ውሃ ከጎዳቸው ሙቅ ውሃ ያቃናቸዋል ብዬ አንዱን ከሞቀ ውሃ ነክሬ፣ ሸማኔ ክር እንደሚወጥር በጣቴ ወጥሬ፣ ቶሎ ቀዝቃዛ ውስጥ ከተትኩት። ቀና ብሎ ቀረ። ዘጠኙን ቀን ያን ሠራሁ። የጣቶቼ ጫፍ ተላጠ። ክንዶቹን በመርፌ ሱፐር ግሉ እየነካሁ መለስኩ፤ ጣቴ አብሮ ይጣበቃል፣ ስነጥቀው ቆዳዬን ትቼ አነሣለሁ። ልጄ ምን ያህል ትዕግሥት ኖሮት እንደነበር ያን ጊዜ ገባኝ። ሠላሳውንም ጠረጴዛው ላይ አቆምኳቸው። ጠማማም ቢሆኑ ይቆማሉ።

በዘጠነኛው ቀን የግቢው በር ሲከፈት ሰማሁ። ከስቷል፣ ከንፈሩ ተሰንጥቋል። የት ነበርክ አላልኩም። እሱም አልነገረኝም፣ እስከ ዛሬ። ምግብ አቀረብኩ፣ በላ። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ሄዶ ጎንበስ ብሎ አያቸው። የእኔን ጣቶችም አየ። ልቤ ትንሽ ተስፋ አደረገች።

«የትኛው ነው?» አለ።

«ምኑ?»

«አባዬ። የትኛው ነው?»

አላውቅም። ለእኔ ሁሉም አንድ ናቸው። አላውቅም ማለት ግን አልቻልኩም፣ ዳር የቆመውን አሳየሁት።

«አይደለም» አለ። «የእሱ ጋሻ ክብ ነበር።»

ቁልፉ አሁን በእሱ አንገት ነው። ሲፈልግ ይወጣል፣ ሲፈልግ ይገባል። አይቆጣኝም፣ አይሰድበኝም። ሲገባ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ጫማውን እያወለቀ፣ «የትኛው ነው?» ይለኛል። ክብ ጋሻ ያላቸው አሥራ ሁለት ናቸው። አሳየዋለሁ፣ አይደለም ይላል። በማግስቱ ሌላ አሳየዋለሁ፣ አይደለም ይላል። ምናልባት እሱም አያውቀውም። ይህን አስቤ አላውቅም እንዳልል፣ አስቤዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት እሱ በወጣበት አንዱን ባለ ክብ ጋሻ አነሣሁ። ጀሶ በሱፐር ግሉ ለወስኩ፣ በመርፌ ጫፍ ግራ ቅልጥሙ ላይ እብጠት አደረግሁለት። ሲደርቅ በዚያ በጠጉሬ ብሩሽ ቡናማ ቀባሁት። ጥሩ ወጣ። ከፊት አቆምኩት።

ልጄ ገባ፣ ጫማውን አወለቀ፣ ሳይጠይቀኝ አየው። አነሣው። እብጠቷን በጥፍሩ ዳበሰ። ገና ሱፐር ግሉ ትሸታለች።

«እማ» አለ፣ «ያኔም እንዲህ ነበር?»

ምን ማለቱ እንደሆነ ገባኝ። ቆፋሪው ሽማግሌ ከጉድጓዱ ሆነው «ፍጠኚ እንጂ ልጄ፣ ዝናቡ መጣ» ሲሉኝ ትዝ ይለኛል። «አያ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» ብዬ ነበር። አልታገሡም፣ ሰማዩም አልታገሠም። እጄ ያገኘው ቅልጥም ላይ አበጥ ያለ ነገር ነበር። አጥንት ይሁን ጭቃ አላጠብኩትም። ፈራሁ፣ ደከመኝ፣ ይሄ ነው አልኩ። ያንን ነው የቀበርኩት። በየዓመቱ ተዝካሩን የማወጣው በዚያ ላይ ነው።

«እንዲህ አልነበረም» አልኩት።

ከዚያ ያነሣውን አፅም ቦታው መለሰው፣ ፊቱን ወደ እኔ አዙሮ። ጫማውን መልሶ አደረገና ወጣ። ሰንሰለቱ በበሩ ቀዳዳ ሲያልፍ ሰማሁ። ቁልፉ ሲዞር ሰማሁ። ከዚህ በፊት አድርጎት አያውቅም። ከውጭ ነው የቆለፈው።

ጎረቤቴ በአጥሯ ላይ ብቅ አለች።

«ምነው አንቺ፣ ልጅሽ ቆልፎብሽ ሄደ እኮ!»

መስኮቱ ሥር ወንበሩን ስቤ ተቀመጥኩ፣ ሠላሳው ፊት።

«ይቆልፍብኝ» አልኳት። «ሊከፍት ይመጣል።»